የፒዛ ምድጃ በጡብ ላስገንባ ወይስ ትንሹን የብረት ላስመጣ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ትንሽ የራሴ ግቢ አለችኝ። ስድስት ቤተሰብ ነን፤ በወር ሁለት ጊዜ ያህል ፒዛ እቤት መሥራት እንፈልጋለን። አንድ ግንበኛ በሸክላ ጡብና በሲሚንቶ፣ ግድግዳው 25 ሳንቲም የሆነ ምድጃ ሊሠራልኝ ተስማምቷል። ወፍራም ከሆነ ሙቀት ይይዛል፣ የጭስ ማውጫውም ጣሪያው መሃል ላይ ይሆናል ብሎኛል። ዱባይ ያለችው እህቴ ደግሞ ትንሽ የብረት ምድጃ ላምጣልህ ትላለች። እኔ የእንጨቱ ጣዕም እንዳይቀርብኝ ብዬ ወደ ጡቡ አዘንብያለሁ። ድፎ ዳቦም ቢጋግርልኝ ደስ ይለኛል። ጓደኛዬ ጋ በጡብ ምድጃ ስንሞክር ግን ፒዛው ከታች አረረ፣ ከላይ ጥሬ ቀረ። የባሕር ዛፍ እንጨት ምግብ ይመርዛል ያሉኝም አሉ። ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦ ግንበኛውን ለጊዜው ያቁሙት። የጡብ ምድጃ መጥፎ ሆኖ አይደለም። የነገረዎት አሠራር ግን እንጨት ከመብላት በቀር ብዙ አይፈይድልዎትም። በወር ሁለት ቀን ለሚነድ እሳት ደግሞ አንድ ቶን የሚጠጋ ጡብ ግቢ ውስጥ መትከል አያዋጣም።

ከጣዕሙ ልጀምር፤ ምርጫዎን ያዛባው እሱ ነውና። የእንጨት ምድጃ ፒዛ የሚጣፍጠው በጭሱ ነው ብሎ የሚያምን ብዙ ሰው ነው። ኔፕልስ ውስጥ በ1984 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የባህላዊ ፒዛ ሠሪዎች ማኅበር፣ ፒዛው ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ መብሰል አለበት ይላል። በደንብ የጋለ ምድጃ ብዙም አያጨስም። በአንድ ደቂቃ ተኩል ውስጥ ሊጡ የሚጠጣው ጭስ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ያ ጠቆር ጠቆር ያለ ነጠብጣብ እያወጣ የሚያብጠው ጠርዝ፣ ከላዩ ኩርሽም ብሎ ውስጡ ለስላሳ የሚሆነው ሊጥ፣ የሙቀት ሥራ ነው። ወለሉ 400 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ጣሪያው ከዚያም በላይ ይግላል። እቤትዎ ያለው የኤሌክትሪክ ኦቨን ብዙውን ጊዜ 250 ላይ ያቆማል። ትልቁ ልዩነት ይኸው ነው። ብረትም ይሁን ጡብ፣ እዚያ ሙቀት ላይ የሚደርስ ምድጃ ያንን ጣዕም ይሰጥዎታል። መጠየቅ ያለብዎት በስንት ሰዓትና በስንት እንጨት እንደሚደርስ ነው።

አሠራሩን ለመረዳት ድፎ ዳቦን ማሰብ ይበቃል። ድፎ ፍም ከታችም ከላይም ይደረግለታል። የፒዛ ምድጃም እንዲሁ ነው። ከታች የጋለ ወለል አለ፤ ከላይ ደግሞ ክቡን ጣሪያ እየላሰ የሚያልፍ ነበልባል አለ። ሁለቱ ካልተመጣጠኑ ጓደኛዎ ቤት ያያችሁት ይመጣል። ወደዚያ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ 25 ሳንቲሙ ግድግዳ። ግንበኛው «ሙቀት ይይዛል» ያለው ውሸት አይደለም። ጡብ ሙቀትን ይጠጣል፣ ያከማቻል። ችግሩ ወደ ውጭ እንዳያመልጥ አያግደውም። ግድግዳው በወፈረ ቁጥር ጠጥቶ እስኪጠግብ የሚነደው እንጨት ይበዛል። ለዳቦ ቤት ይህ ችግር አይሆንም፤ እሳቱ በየቀኑ ስለሚነድ ጡቡ ቀዝቅዞ አያውቅም። የእርስዎ ምድጃ ግን ሁለት ሳምንት በርዶ ይከርማል። እሁድ ጠዋት ለኩሰው ፒዛው ለምሳ ሳይደርስ ለመክሰስ ቢደርስ አይግረምዎት። ለቤት ከ10 እስከ 12 ሳንቲም ጡብ ይበቃል፤ ጡቡን በቁመቱ ሳይሆን በወርዱ መደርደር ማለት ነው።

ሙቀቱን የሚያስቀረው ከጡቡ ውጭ የሚለብሰው ነገር ነው። በውስጡ አየር የቋጠረ መሆን አለበት። ውጭ አገር የሴራሚክ ፋይበር ጥቅልል፣ ቨርሚኩላይት ወይም ፐርላይት ይጠቀማሉ። እኛ ጋ ደግሞ ብሎኬት የሚመረትበት ፑሚስ አለ። ቀላል ነው፣ ቀዳዳው ብዙ ነው፣ እሳት አይፈራም። ብዙ ፑሚስ በጥቂት ሲሚንቶ ለውሶ ከ10 እስከ 15 ሳንቲም ማልበስ ከሁለተኛ ዙር ጡብ እጅግ ይሻላል። እዚያ ላይ ሲሚንቶ ቢገባ ግድ የለም፤ እሳቱ በቀጥታ አያገኘውም።

ግንበኞች ከሁሉ አብልጠው የሚረሱት ግን የወለሉን ሥር ነው። የወለሉ ጡብ በቀጥታ ኮንክሪት ላይ ከተነጠፈ ሙቀቱ ወደ ታች ይሰርጋል። የመጀመሪያው ፒዛ ያምራል፣ ሁለተኛው ደህና ነው፣ ሦስተኛው ከሥሩ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ኮንክሪቱም በጊዜ ብዛት ይሰነጠቃል። ከወለሉ ሥር ቢያንስ 10 ሳንቲም የፑሚስ ንጣፍ የግድ ነው። አንድ ቀን ምድጃ ሲገነባ ቆመው የሚያዩት አንድ ነገር ብቻ ቢሆን ይህን ይዩ። ላዩ ላይ የሚለጠፈው ጌጥ ኋላም ይደርሳል።

ሲሚንቶውን በተመለከተ ልስላሴ የለኝም። ተራ ሲሚንቶ ከ300 ዲግሪ በላይ እየደከመ ይሄዳል፤ 500 አካባቢ ይፈረካከሳል። የሚፈረካከሰው ደግሞ ፒዛዎ ላይ ነው። ለውስጠኛው ክፍል እሳት የሚችል ልዩ ሲሚንቶ ካልተገኘ፣ የሸክላ አፈር ከተነፋ አሸዋ ጋር ተለውሶ በስሱ ይሠራል። መጋጠሚያው ቀጭን ሲሆን ይጸናል። ለወለሉ ፋየር ብሪክ፣ ማለትም እሳት የሚችል ልዩ ጡብ፣ ከተገኘ ጥሩ ነው፤ ተራው የሸክላ ጡብ ለጣሪያ ይሆናል፣ ወለል ላይ ግን በጊዜ ይላጣል። የወንዝ ድንጋይ ውስጡ አያስገቡ። የቋጠረው ውሃ እንፋሎት ሲሆን ድንጋዩን ሊያፈነዳው ይችላል።

ጭስ ማውጫው ጣሪያው መሃል ላይ ከተከፈተ ደግሞ የምድጃው ሙቀት ሁሉ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ይወጣል። ቦታው ከፊት፣ ከአፉ በላይ ነው። ነበልባሉ ከኋላ ተነስቶ ጣሪያውን ተከትሎ ወደ ፊት ይመጣል፤ ሙቀቱን ጥሎ ጭሱ ብቻ በፊት ይወጣል። የአፉ ቁመትም እንዲሁ በግምት አይሆንም። የምድጃ ሠሪዎች መለኪያ ከጣሪያው የውስጥ ቁመት 63 በመቶ ገደማ ነው። ጣሪያው 40 ሳንቲም ከሆነ አፉ 25 ይሆናል። ከዚያ ከፍ ሲል ሙቀት ያመልጣል፤ ዝቅ ሲል እሳቱ አየር አጥቶ ያጨሳል።

አንድ ቀን ከገነቡም ወዲያው እንዳይለኩሱት። በጡቡና በልባሱ ውስጥ ብዙ ውሃ አለ። ሳምንት አስር ቀን በራሱ ይድረቅ። ከዚያ ለአምስት ስድስት ቀን በትንሽ እሳት፣ ከ100 ዲግሪ ጀምሮ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ ያለማምዱት። ቀጭን ስንጥቅ ቢያወጣ አይደንግጡ፣ የተለመደ ነው። ሰፊ ስንጥቅ ግን የችኮላ ውጤት ነው። ክረምት ላይ ክዳን ከሌለው ዝናብ ይጠጣል፤ ያን ጊዜ ማለማመዱን እንደገና መጀመር ነው።

ይህን ሁሉ በትክክል ቢያሠሩት እንኳ የውስጥ ስፋቱ 80 ሳንቲም የሆነ የጡብ ምድጃ ለመጋል ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። የብረቱ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል። የሚበላውም ክንድ የማይሞላ ፍልጥ ነው። ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ስለሆነ በሻንጣ ሊመጣ ይችላል። ሲጨርሱ ቀዝቅዞ መጋዘን ይገባል፤ ቤት ቢቀይሩም ይከተልዎታል።

ጉድለቱንም ልንገርዎት። በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ፒዛ ነው። የወለሉ ድንጋይ ቀጭን ስለሆነ ከሁለት ከሦስት ፒዛ በኋላ ጥቂት ደቂቃ እረፍት ይሻል። እሳቱ ትንሽ ስለሆነ በየአምስት ደቂቃው እንጨት ይለምናል። ነፋስ ወደ አፉ ከገባ ነበልባሉ ይዛባል። ስድስት ሰው ለማብላት ግማሽ ሰዓት ያህል ቆመው መጋገር አለብዎት። ሁሉም በአንድ ማዕድ እኩል ይቁረስ ካሉ ይህ ምድጃ ያበሳጭዎታል። እየወጣ ትኩስ ትኩሱን መቀራመት ለሚወድ ቤተሰብ ግን ግሩም ነው።

ድፎ አይጋግርም። አፉ ዝቅተኛ ነው፣ ነበልባሉም ቅርብ ነው፤ ድፎው ውስጡ ሳይበስል ላዩ ከሰል ይሆናል። ድፎ የሚፈልገው 200 ዲግሪ አካባቢ የረጋ ሙቀት ነው። በሚገባ የለበሰ የጡብ ምድጃ ይህን ይችላል፤ ማታ ፒዛ ተጋግሮበት አፉ ከተዘጋ ጠዋት ለዳቦ የሚሆን ሙቀት ይቀርለታል። ፍሙን ጠርጎ፣ ሙቀቱ እስኪረጋ ጠብቆ፣ በኮባ የተጠቀለለውን ማስገባት ነው። የምድጃው ጥቅም ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ውሳኔዬም በዚህ ይወሰናል። በየሳምንቱ ዳቦ የሚጋግር ቤት ከሆነ ይገንባ። ለዓመት በዓል ብቻ ከሆነ ድፎው በለመደው ምጣድ ይቀጥል።

አሁን ከታች ያረረው ፒዛ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የምድጃው ሳይሆን የእሳቱ አያያዝ ይመስለኛል። ብዙ ሰው ሥጋ ከመጥበስ የተማረውን ይዞ ይመጣል፤ ነበልባሉ እስኪጠፋ ጠብቆ በፍም ሊጋግር ይሞክራል። ፍሙ ወለሉ ላይ ተኝቶ ወለሉን ያግላል። ነበልባል ስለሌለ ግን ጣሪያው እየቀዘቀዘ ነው። ከዚያ ፍሙ ይጠረግና ፒዛው ወዲያው ያ የጋለ ቦታ ላይ ይቀመጣል። ከታች በግማሽ ደቂቃ ያርራል፤ ከላይ አይቡ እንኳ አልቀለጠም።

መፍትሔው እንዲህ ነው። እሳቱን መሃል ላይ አንድደው ምድጃውን ያግሉ። መጀመሪያ ጣሪያው በጥቀርሻ ይጠቁራል። ሙቀቱ ሲጨምር ጥቀርሻው ራሱ ተቃጥሎ ጡቡ እየነጣ ይመጣል። ጣሪያው ሲነጣ ምድጃው ደርሷል። ፍሙን ወደ አንድ ጎን ወይም ወደ ኋላ ይግፉት፣ ወለሉን ይጥረጉ፤ ከዚያ አሥር ደቂቃ ያህል ይታገሡ። እሳቱ የነበረበት ቦታ ከሌላው ጋር ይመጣጠናል። በዚያ መሃል ፍሙ ላይ አንድ ሁለት ቀጭን ፍልጥ ይጨምሩ። ፒዛው በሚገባበት ሰዓት ነበልባሉ ጣሪያውን መላስ አለበት። እዚህ ላይ አይቆጥቡ። በርቀት ሙቀት የሚለካ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ካለዎት ወለሉ ከ380 እስከ 420 ሲያነብ ያስገቡ። ከሌለዎት ቆንጥር ዱቄት ወለሉ ላይ ይበትኑ። ወዲያው ከጠቆረ ከመጠን በላይ ግሏል፣ ይብረድ። ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ቡናማ ካለ ልክ ነው። ውሃ አፍስሶ ማብረድ ግን ጡቡን ይሰነጥቃል፤ የተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ በእንጨት ጫፍ አስሮ አንዴ ማለፍ ይበቃል። ፒዛው ከገባ በኋላም ዓይንዎን አይንቀሉ። ወደ እሳቱ ያለው ጎን ቀድሞ ስለሚበስል በየ20 ሰከንዱ ገደማ ያዙሩት። ለብረቱ ምድጃም ይኸው ሕግ ይሠራል፤ እዚያ ሁሉም ነገር ይፈጥናል ብቻ።

ባሕር ዛፍ አይመርዝም። አውስትራሊያ ውስጥ የምድጃ እንጨት አንዱና ዋነኛው እሱ ነው። ዘይቱ በብዛት ያለው ቅጠሉ ውስጥ ስለሆነ ቅጠሉንና ልጣጩን አያንድዱ። ችግሩ እርጥብ ሆኖ ሲሸጥ ነው። እርጥብ እንጨት ሙቀቱን የገዛ ውሃውን ለማትነን ይጨርሰዋል፤ ያጨሳል፣ ይመርራል። ከስድስት ወር እስከ ዓመት ተፈልጦ፣ ከላይ ተከድኖ፣ ጎኑ ነፋስ እያገኘው ይድረቅ። ሁለት ፍልጥ ሲያጋጩ ድምፁ ጥርት ብሎ ቀጭን ከሆነ ደርቋል። የቡና ግንድ ካገኙ እሱም ጥሩ እንጨት ነው። ጥድ ሙጫ ስላለው ለማቀጣጠያ ካልሆነ አልወደውም።

የሚመርዘው ሌላ ነው። የተቃጠለ ዘይት የጠጣ የካሳፎርማ ጣውላ፣ ቀለም የተቀባ እንጨት፣ ቺፑድ፣ ኮምፔርሳቶ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አሮጌ የመብራት ምሰሶ ነው። እንዳይበሰብስ በኬሚካል የተነከረ ስለሆነ ጭሱም አመዱም መርዝ ነው። ርካሽ ተገኘ ብለው እንዳይገዙ። በርሜል ቆርጠው ምድጃ ለመሥራት ለሚያስቡም እላለሁ፦ ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮና የኬሚካል በርሜል ለምግብ እሳት አይሆንም።

ከፍታችንም የራሱ ጣጣ አለው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ይሳሳል። በትንሽ ምድጃ ውስጥ እንጨት ከጠቀጠቁ እሳቱ ታፍኖ ያጨሳል። በቀጭን ተፈልጦ፣ ጥቂት ጥቂት እየተጨመረ ይንደድ። ሊጡም እዚህ ቶሎ ይነሳል፤ ውሃም 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ቶሎ ይደርቃል። ስለዚህ የውጭ አገር መመሪያ ሲከተሉ እርሾውን ይቀንሱ።

ለስድስት ሰው 1 ኪሎ ፉርኖ ዱቄት ይበቃል። ከ580 ሚሊ ሊትር ውሃ ይጀምሩ፤ ዱቄቱ ከቻለ እስከ 620 ይሂዱ። ጨው 25 ግራም። ደረቅ እርሾ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ አይለፍ። ጠዋት ተቦክቶ ለማታ ይደርሳል። ስኳርና ዘይት አይግባበት፤ ለኤሌክትሪክ ኦቨን ይጠቅማሉ፣ በ400 ዲግሪ ግን ያርራሉ። ላዩን አያብዙት። በተለይ የጾም ፒዛ ላይ አትክልት ሲከመር ሊጡ በውሃ ይጨማለቃል። ሽንኩርትና ቃሪያ በአንድ ደቂቃ ተኩል አይበስሉም፤ ቀድመው በመጥበሻ ጠበስ ጠበስ ይደረጉ።

ማስጠንቀቂያዎቼ ጥቂት ናቸው፤ ድርድር ግን የላቸውም። ምድጃው ሜዳ ላይ ይሁን፤ በረንዳ፣ ጋራዥ፣ የሸራ ዳስ ሥር አይሁን። ከቆርቆሮ አጥርና ከጣሪያ ክፈፍ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ፤ የአምራቹ መመሪያ ከዚያ በላይ ካለ እሱን ይከተሉ። ኮንዶሚኒየም ላይ የብረቱም ቢሆን አይሞከርም። የተረፈውን ፍም ብርድ ነው ብለው እቤት እንዳያስገቡ። «ካልጨሰ አይጎዳም» የሚባለው ሰው የገደለ ወሬ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። በላምባም ሆነ በቤንዚን አይለኩሱ። አመዱ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ሁለት ቀን ይቆይ፤ ከሥሩ ያልጠፋ ፍም አይጠፋም። የብረት ምድጃ አካሉ ሁሉ ስለሚፋጅ ልጆች የሚቆሙበትን መስመር መሬት ላይ አስምረው ያሳዩ።

ስለዚህ የብረቱን ያስመጡ። ለእህትዎ የሚልኩት መልእክት ይህ ነው። ተራ ፍልጥ የሚያነድ ይሁን፤ በፔሌት (ከሰጋቱራ ተጨምቆ በሚሠራ ድቡልቡል ማገዶ) ብቻ የሚሠራውን አትግዢ፣ እዚህ ፔሌት ፍለጋ እንዳልንከራተት። የጋዝ ማቃጠያ ካለው ሬጉሌተሩ ከእኛ ሲሊንደር ጋር መግጠሙ ሳይረጋገጥ ገንዘብ አይውጣበት። 30 ሳንቲም ፒዛ የሚይዝ ይበቃል፤ 40 የሚይዘው ለማዞር ይመቻል፣ ግን ይከብዳል። የወለሉ ድንጋይ ሊሰበር ስለሚችል በልብስ ተጠቅልሎ ለብቻው ይታሸግ። ረጅም እጀታ ያለው ዝርግ አካፋ፣ ትንሽ ክብ ማዞሪያ፣ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትርና ሙቀት የሚከላከል ጓንት አብረው ይምጡ። ቴርሞሜትሩ እስከ 500 ዲግሪ የሚያነብ ይሁን፤ ለሰው ትኩሳት መለኪያ የሚሸጠው አይሆንም።